ወደ ውስጥ የሚባለው አዎ

ልጄ በኢንተርኔት የአካል ብቃት አሰልጣኝነት ልማር ብላ ስትነሳ፣ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። የመጨረሻው ፈተና በዙም ነው፤ ፈታኟ በቀጥታ እያየች አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ማሠራት አለብሽ ተባለች። በዕድሜ የገፋ፣ ሆዱ የቀደመው፣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል ሰው ከየት ይምጣ? ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዳቦ ሲገምጥ አገኘችው።

ልጄ ቢሮ ታጸዳለች። ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የጡንቻውን ስም ሁሉ በዕብራይስጥ ስታነበንብ ከርማለች። እዚህ እስራኤል፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን ያለው ማትናስ፣ የሰፈሩ ሰው የሚማርበትና የሚሰባሰብበት ቤት ማለት ነው፣ «ተዑዳውን አምጪ እንጂ የሽማግሌዎቹን ስፖርት ላንቺ እንሰጣለን» ብሏታል። ተዑዳ የሚሉት የምስክር ወረቀቱን ነው። ከወደቀች ቦታው ለሌላ ሰው ነው፤ እሷም ወደ መወልወያዋ። ስለዚህ ቱታ ለበስሁ። ቱታው የአማቼ ነው፤ ሆዴ ጋ ሲደርስ ተስፋ ቆረጠ።

«አባባ፣ ዛሬ እንዳይቀልዱብኝ።»

«እኔ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?»

«ይኸው ጀመሩ!»

ፈታኟ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ጸጉሯን ያሳጠረች፣ ፊቷን የቋጠረች ሴት ናት። ሰላምታው እንዳለቀ ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት ጀመርሁ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች።

«ጀርባዎን ቀጥ ያድርጉ። ጉልበትዎ ደህና ነው?»

እኔም እንዳገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «ህእ!» አልሁ። አዎ ማለቴ ነው። እኛ ጎንደሬዎች ነገሩ ልክ ሲሆን ቃል አናባክንም፤ አየሩን እንስባለን፣ አለቀ።

«እንቀጥል?»

«ህእ!»

ፈታኟ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪሞላ ተጠጋች። «አቁሚ! አቁሚ! ሰውዬው ትንፋሽ እያጠረው ነው!» አለች በዕብራይስጥ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አዶኒ፣ ትሰማኛለህ? ደህና ነህ?» አዶኒ የምትለው ጌታዬ ለማለት ነው።

ባለሥልጣን ሲጠይቅ በአክብሮት መመለስ ነው። ከቀድሞው ረዘም አድርጌ ሳብሁላት።

«አምቡላንስ ጥሪ!»

ምን እንደተፈጠረ ልጄ የገባት ይኼኔ ነው። ለእሷ ጆሮ እኮ ያ ድምፅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አዎ ነው፤ ጣር ይመስላል ብላ እንዴት ታስብ? «ኧረ ደህና ነው!» ብትል ማን ይስማት። ፈታኟ ኮስተር አለች።

«ሰውዬሽ አየር ሲያጣ ዝም ብለሽ አሠራሽው። ይሄ ይጥላል።»

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። ሌላው ሰው የልጁን እንጀራ በእጁ ይዘጋል፤ እኔ በትንፋሼ ልዘጋው ሆነ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ ስጪኝ» አለቻት። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝና በአማርኛ እየጠየቀች፣ ለፈታኟ በዕብራይስጥ ትተረጉምላት ጀመር።

«አባባ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው?»

«ህእ!»

«ውጭ ይሞቃል?»

«ህእ!»

«ጠዋት ዳቦውን የጨረሱት እርስዎ ነዎት?»

«ማን አየኝ!» አልሁ፣ ይህችን እንኳ ድምፄን አውጥቼ።

ሲተረጎምላት ፈታኟ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እሺ፣ ገባኝ፣ አዎ ነው» አለች። ወዲያው ግን ሳቋን ሰብሰብ አደረገች። «ታዲያ የእውነት ሲደክመው በምን ትለዪዋለሽ?»

ልጄ አንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም።

«ሲደክመው መቀለድ ያቆማል።»

ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ እንዲያ ብላ እንደ እኩያዋ ነው ያወራችብኝ። ቀጠለች። «ባለፈው ክረምት ደረቱን ሲያመው ደህና ነኝ እያለ ሁሉንም አታለለ። እኔን አላታለለኝም። በራሱ ላይ አንዲት ቀልድ ሳይወረውር መዋሉን አይቼ ነው ሐኪም ቤት የወሰድሁት።»

እኔ ደግሞ ያኔ ለተራ ምርመራ የወሰደችኝ መስሎኝ፣ የነቃችብኝ እዚያ ያለችው ነርስ ናት ብዬ ነበር።

«በሉ ቀጥሉ» አለች ፈታኟ።

ተነሣሁ። ብድግ ቁጭ እያልሁ አንድ ነገር ጣል ላደርግ አሰብሁ፤ ስለ ሆዴም ይሁን ስለ ጉልበቴ፣ ብቻ የሚያስቅ ነገር። ልጄ ቀልዴን ስትቆጥር መኖሯ ትዝ ሲለኝ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልወጣ አለችኝ። ዝም ብዬ ተነሣሁ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፣ ደግሞ ልነሣ ስል ልጄ እጇን ደረቴ ፊት ዘረጋች።

«በቃ። ይቀመጡ አባባ። ውኃ ይጠጡ።»

«ማየት የፈለግሁት ይሄንን ነበር» አለች ፈታኟ። «አልፈሻል።»

ጉልበቴስ ገና ብዙ ይችል ነበር። ግን ልጁ ካለፈች በኋላ ፈተናዋን የሚያበላሽ አባት ምን ይሉታል? ደክሞኛል ብዬ ተቀመጥሁ፤ ፊቴ እንዳይታይ ብርጭቆውን ቀና አድርጌ ውኃውን እስከ ታች ጠጣሁት።