የካፒቴኑ እግር

ከሰፈሩ ሾፌሮች ግማሹን ያስተማረችው እሷ ናት። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፣ ዞር ስትል «እትዬ ፍሬን»። ስሙ የወጣላት በአስተማሪው ወንበር በኩል፣ ከእግሯ ሥር ባለችው ትርፍ ፍሬን ምክንያት ነው። ለማጅ ግንብ ሊገጭ ሲል እትዬ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ፍሬኗን ቀስ አድርጋ ትረግጣለች። መኪናዋ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ወደ ተማሪው ዞር ብላ፣ «ጎበዝ፣ ራስህ ነህ ያቆምካት» ትላለች። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ስትዋሽ ኖረች። ውሸቱ ማንንም አልጎዳም፤ ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፣ ግንቡም ይተርፋል።

ደረታቸውን ነፍተው ከሄዱት አንዱ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ ከከተማው ዳር ባለችው ትንሽ ማኮብኮቢያ ላይ አብራሪ የሚያሠለጥን። ደመና ሰንጥቆ የሚወርደው ካፒቴን በሁለት ኮን መሀል መኪና ማቆም አቅቶት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። እትዬ በሆዷ፣ «ይኼ ሰው አየር ላይ ካልወደቀ እኔን ምን ይጥለኛል» አለች። ፈተናውን ያለፈ ዕለት ከደስታው ብዛት፣ «እትዬ፣ ይምጡና እኔ ደግሞ ማብረር አስተምርዎታለሁ» አላት። ለአፉ ያህል ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ በሩ ላይ ተተክላ አገኛት፣ በአርባ ሰባት ዓመቷ፣ ደብተር ይዛ።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የአውሮፕላኗን ቁልፍ ነው። በስልኳ ፎቶ አንስታ ማታ ለባሏ አሳየችው። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው በምን አንጀቱ ሰው ያምናል። ፎቶውን ለጥጦ ለጥጦ አየና፣ «ይኼ የቁም ሣጥን ቁልፍ ነው» አለ።

«የአውሮፕላን ነው አልኩህ።»

«እንግዲያው በቁም ሣጥን ነው የሚያበሩሽ።»

ቀጥሎ ነዳጁ መጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ደህና የነዳጅ መለኪያ አለ። ካፒቴኑ ግን እሱን ዞር ብሎም ሳያይ መሰላል ያቆምና ክንፉ ላይ ተንጠራርቶ ታንከሩ ውስጥ ዘንግ ይነክራል።

«መለኪያው ተበላሽቷል እንዴ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ዘንጉ ምን ያደርጋል?»

«መለኪያውን አናምነውም፣ እትዬ።»

«ባለቤቱ ያላመነውን እኔ ልመነው?»

«እርስዎም አይመኑት። በሉ እንኩ ዘንጉን።»

ከዚያ ከክንፉ ሥር ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ያነሳል፣ ልክ ላብራቶሪ ውስጥ ሽንት እንደሚመረምር ሰው፤ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ለማየት ነው። ይኼን ስታይ እትዬ ትንሽ ልቧ መለስ አለ። የሚጠራጠር ሰው ትወዳለች።

መሬት ላይ ስትነዳት ደግሞ ሌላ ጉድ። እትዬ መሪውን ወደ ግራ ትጠመዝዛለች፣ አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ወደ ሣሩ ትሄዳለች። መሬት ላይ የምትዞረው በእግር ፔዳል ነው ተባለች።

«ታዲያ መሪው ለምንድነው?»

«አየር ላይ ይሠራል።»

«አየር ላይ እግሩስ?»

«እሱም ይሠራል።»

እትዬ መልሱ አልጣማትም፣ ግን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ያልጣማትን ነገር ሁሉ ትጽፋለች።

ወራት አለፉ። መነሳት ለመደች፣ መዞር ለመደች፣ በመጨረሻም ማረፍ መጣ። ማረፍ ላይ መቼም ሁሉም ሰው እግዜር ያውቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ኳስ ስትነጥር ከርማ፣ አንድ ረቡዕ አውሮፕላኗ ቅቤ ላይ እንደተቀመጠ ቢላ ልስልስ ብላ መሬት ያዘች። ካፒቴኑ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነበር። ከዚያ ወደሷ ዞረና፣ «ጎበዝ እትዬ፣ ራስዎ ነዎት ያሳረፏት» አላት።

እትዬ ቃሉን አወቀችው። ቃል በቃል የራሷ ነው። መስኮቱም የራሷ ነው።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እትዬ የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በካፒቴኑ በኩልም መሪ አለ፣ በካፒቴኑ በኩልም ፔዳል አለ። ማታ ለባሏ ነገረችው።

«ስታርፉ እግሩ የት ነበር?» አላት።

«እኔ እንጃ። እኔ የማየው መሬቱን ነው።»

«እንግዲህ ሌባም የሚወደው እንደሱ ሌላ ቦታ የሚያይ ሰው ነው» አለና ራቱን ቀጠለ።

ነገሩ ቀልድ ያልሆነው ካፒቴኑ በማግስቱ፣ «በዚህ ሳምንት ብቻዎን ይወጣሉ» ስላላት ነው። ብቻዋን ማለት ብቻዋን ነው፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። እስከዛሬ ያሳረፈችው እሷ ከሆነች ደህና። እሱ ከሆነ ግን ወጥታ የሚያወርዳት የለም ማለት ነው። እሷ ለማጅ ስትሸነግል ቢበዛ ግንብ ነው የሚፈርሰው።

አርብ ጠዋት ከመንጃ ማሠልጠኛው ሰሌዳ ሥር ጠመኔ ይዛ መጣች። ካፒቴኑ ዘንጉን ሊያመጣ ዞር ሲል በሱ በኩል ያሉትን ሁለቱን ፔዳሎች በጠመኔ ነጭ አደረገቻቸው። ሦስት ጊዜ ተነሱ፣ ሦስት ጊዜ አረፉ። ሲወርዱ እትዬ እርሳስ የጣለች መስላ ጎንበስ ብላ ጫማውን አየች። ጥቁሩ ጫማ ከሥሩ ነጭ ሆኗል።

«ምን ጠፋዎት?» አላት።

«እውነት ጠፋኝ። ጫማህን አንሳ።»

እግሩን አንስቶ አየ። ብዙም አልገረመው። «የሁለታችን ፔዳል እኮ የተያያዘ ነው። እርስዎ ሲረግጡ የኔም ይሄዳል፣ መጥቶ እግሬን ይነካል።»

«አንተስ ስትረግጥ የኔ ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ ማን ረገጠ?»

«ጠመኔው ይህን አይናገርም» አለና ጫማውን ሣሩ ላይ ጠረገ።

ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ነፋስ የለም፣ ሰማዩ የታጠበ ሳህን መስሏል። ሁለቴ ዞረው አረፉና ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ተመልሰው ሲቆሙ እትዬ ቆርጣ ተነሳች። ሰውን እውነት ለማናገር መጀመሪያ የራስን መስጠት ነው ብላ አሰበች።

«ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አንተም አንድ ነገር ትነግረኛለህ። መኪና ስትለምድ ግንቡ ጋ ያቆምካት አንተ አልነበርክም። እኔ ነኝ።»

ካፒቴኑ የሆነ ቁልፍ ሊነካ የዘረጋው እጅ መንገድ ላይ ቀረ።

«የቱ ግንብ?»

«ሁሉም ግንብ።»

«ዳገቱ ላይስ? ከአይሱዙው ኋላ?»

«ዳገቱ ላይማ እግሬ አበጠ።»

መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሚስቱን ይዞ ይነዳል፣ ሕፃን ይዞ ይነዳል። ፊቱ ላይ ይኼ ሁሉ ተራ በተራ ሲያልፍ ታያት።

«አሁን ያንተን ንገረኝ» አለችው። «ስናርፍ የማን እግር ነው?»

ካፒቴኑ ራዲዮውን ይዞ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር ሁለት ቃል ተነጋገረ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ በሩን ከፈተ፣ ወረደ። የፈታውን ቀበቶ ባዶው ወንበር ላይ መልሶ ቆለፈው፣ እንዳይንቀዋለል።

«ይሂዱ» አላት። «አንዴ ዞረው ይረፉ።»

«ተናድደህብኝ ነው?»

«ብቻዎን የሚወጡበትን ፈቃድ ትናንት ነው የፈረምኩት።»

«ሰው ሲናደድም ይፈርማል።»

በሩን ዘጋው።

እትዬ ቂም ነው ብላ ደመደመች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ፤ እሷ ደግሞ ያላመነችው ፈረስ ላይ ነው የተቀመጠችው። ግን ወርዳ ብትሄድ ዕድሜ ልኳን የማን እግር እንደነበር አታውቅም። ይኼ ደግሞ ከመውደቅ ይብስባታል። ነዳጅ ሰጠቻት።

አውሮፕላኗ ሰማንያ ኪሎ ሰው ወርዶላት ቀሏታል፤ ገና ሳይታሰብ መሬቱን ለቀቀች። ልክ እንደለቀቀች አፍንጫዋ ወደ ግራ ሄደ። ከካፒቴኑ ጋር አንድ ቀን ሄዶ አያውቅም። ሁልጊዜ እንደ ክር ቀጥ ብላ ነበር የምትወጣው።

«ያዝኩህ» አለች እትዬ ጮክ ብላ፣ ለባዶው ወንበር። ቀኝ ፔዳሉን የሚረግጠው እሱ ነበራ። ደስታው እስኪያልፍላት ድረስ መፍራቱን ረሳችው። ከዚያ ቀኝ እግሯን ረገጠች፣ አፍንጫው ወደ ቦታው መጣ።

ቀጥሎ ግን ነገሩ ዞሮ መጣባት። መነሳቱ ውሸት ከነበረ ማረፉም ያው ነው። አየር ላይ ሆኖ ደግሞ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ወራጅ አለ» አይባል ነገር።

ዞረች። ከታች የራሷ የመኪና መለማመጃ ሜዳ ታየ፣ ኮኖቹ እንደ ተበተነ ምስር። ሁለተኛውን መታጠፊያ ዞረች፣ ሦስተኛውን ዞረች፣ አራተኛውን ዞረች፣ ማኮብኮቢያው ፊት ለፊት ተዘረጋ። ዝቅ ስትል ካፒቴኑን ከዳር ቆሞ አየችው። እጁ ኪሱ ውስጥ፣ ሁለቱም እግሩ ሣሩ ላይ። ማሪያም ድረሺ አለች፣ ነዳጁን ቀነሰች፣ መሪውን በቀስታ ሳበች። አውሮፕላኗ አልወርድም አለች። መሬቱ እዚያው ሥሯ አለ፣ ግን ተንሳፋ ትሄዳለች። ወደ ታች ልግፋት ወይ ብላ አሰበች። አልገፋችም። መሪውን ይዛ ጠበቀች። ጎማው ነካ፣ ነጠረ፣ ደግሞ ነካ፣ ቀረ።

አውሮፕላኗ እየዘገመች ቆመች። ካፒቴኑ ሮጦ መጥቶ በሩን ከፈተ።

«ስንነሳ ቀኝ እግርህ ነበር» አለችው።

«ነበር» አለ።

«ስናርፍስ?»

«ከረቡዕ ወዲህ አልነካሁም።»

«የረቡዕዋስ?»

ጭንቅላቱን አከከ። «የረቡዕዋ ... ግማሽ በግማሽ ናት።»

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነችው ይህችን ግማሽ ነው፤ የሚዋሽ ሰው ግማሽ አይሰጥም።

«በል ዝጋው» አለችው።

«የት ሊሄዱ ነው? አንዴ ነው ያልኩት።»

«አንዴማ ነፋስም ያሳርፋል። እኔ እንደሆንኩ በምን አውቃለሁ።»

ካፒቴኑ ሳቁን ይዞ በራዲዮው ለማማው ነገረላትና በሩን ዘጋ። እትዬ አውሮፕላኗን ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ በእግሯ መለሰቻት፣ ነዳጅ ሰጠች፤ አፍንጫው ወደ ግራ ሊል ገና ሲያስብ ቀኝ እግሯ ቀድሞ ረግጦ ነበር።