ክረምቱን ያልቆጠርኩበት ዕቅድ

ልጄ ሰሞኑን የሳሎኔን ግድግዳ ቢጫ ወረቀት ለጠፈበት። ግንባታ ነው የሚያስተባብረው፤ የርክክቡን ቀን ከላይ ሰቅሎ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠረ ይወርዳል። የመጨረሻው ወረቀት «ነባር ቤቶችን ማንሳት» ይላል። «አባዬ፣ አዲስ ዘዴ ነው» ሲለኝ ደሜ ፈላ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ ሠርቼበታለሁ።

ደርግ ገበሬውን ከየማሳው እያነሳ በመንደር የሚያሰባስብበት ጊዜ ነበር። ስምንተኛ ክፍል በመጨረሴ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኛለሁ። ሰኔ እንደገባ ከደሴ የመጣው ካድሬ የዓሣ ጥብሱን ቅባት ከጣቱ እየላሰ፣ «መስከረም ሁለት እንግዶች መንደሩን ይመርቃሉ» አለን። ሌላ ምንም አላለም።

ቀሪውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ አዋቂ ለመባል። ከመስከረም ሁለት ወደ ኋላ ለክዳን ሁለት ሳምንት፣ ለምርጊት ሦስት፣ ለማገር ሁለት፣ ለምሰሶ ሁለት ሰጠሁ። እንጨቱ የሚገኘው ከአሮጌዎቹ ቤቶች ነውና ማፍረሱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዋለ። ለዘመዱ አደላ እንዳልባል ደግሞ የአጎቴን የይማምን ቤት አንደኛ አደረግሁት። ሚስቱ እትዬ ዘይነባ ደረቷን ታማ ተኝታ ነበር።

አጎቴ ማኅበሩ ድረስ መጣ።

«አንተ አሊ፣ ጭቃ በክረምት ሲደርቅ የት አይተሃል? የክዳኑስ ሣር ኅዳር ሳይገባ ከየት ይታጨዳል? አዝመራው ይነሳና እኔው በእጄ አፈርሰዋለሁ፤ ወላሂ!»

«ጋሼ፣ ዕቅዱ ጸድቋል» አልኩት።

«ማን አጸደቀው?»



ቤቱ ፈረሰ። አጎቴ እትዬ ዘይነባን ሸራ የለበሰ ዳስ ውስጥ አስተኛት። ዝናቡ ሐምሌን ሙሉ ከአምባሰል ተራሮች እየተንደረደረ ወረደብን። ነሐሴ ሲገባ ምርጊት ጀመርን፤ ማታ የመረግነውን ጭቃ ጠዋት መሬት ላይ ተንዶ እናገኘዋለን። በወሩ አጋማሽ እትዬ ዘይነባን ቀበርናት። አፈር ልመልስ ስጠጋ አጎቴ አካፋውን ከእጄ ነጠቀኝ።

«አንተ ሂድና ዕቅድህን ጻፍ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

መስከረም ሁለት እንግዶቹ መጡ። ያልተመረገውን ግድግዳ በባንዲራ ሸፈንነው። ካድሬው ሥራው በቀኑ በመድረሱ አመሰገነን፤ እኔም አጨበጨብኩ። አጎቴ እስኪሞት ድረስ ሰላምታዬን አልመለሰም። ልክ ነበር።

ልጄ ለጥፎ ሲጨርስ፣ «የጎደለ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እነዚህ የሚነሱት ቤቶች ውስጥ ማን አለ?»

«አባዬ፣ እሱ የእኔ ክፍል ሥራ አይደለም።»

የመጨረሻውን ወረቀት ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩት። ሌላ ይጽፋል፤ አውቃለሁ። እኔም ያኔ ቢገነጥሉብኝ ሌላ እጽፍ ነበር።