ላት የምትል ቃል ይዤ ወደ መንዝ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

አውቶቡስ ተራ። ጭቃ፣ የናፍጣ ጢስ፣ የረዳቶች ጩኸት። ሻይ በስሙኒ ጨምሯል፤ ስኳሩ ግን ቀንሷል። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣራ ላይ ልጫነው ሲለኝ እንቢ አልኩ።

"ምን ቢይዝ ነው?"

"ወረቀት ነው።"

"ለወረቀት ነው እንዲህ ማቀፍ?" ብሎ ሳቀብኝ።

አዎ፣ ለወረቀት ነው። የምሠራው መጽሐፍ ቅዱስን ከዕብራይስጡና ከግሪኩ እንደገና በሚተረጉም ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ የኔ ድርሻ ዕብራይስጡ ነው። ሥራችን ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ፣ በአንዲት ቃል ተገትሯል። ለመሥዋዕት ከቀረበው በግ ከጀርባ አጥንቱ ሥር ተቆርጦ የሚቃጠለውን ዕብራይስጡ "አልያ" ይለዋል፤ ላት ማለት ነው። ግሪኩ "ኦስፉስ" ይላል፤ ወገብ። እኔ ላት ብዬ ጻፍኩ። ግሪክ አዋቂዎቹ ባልደረቦቼ ወገብ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ "የመንዙ የኔታ ጥበቡ ሰምተው ይፍረዱ" ተባለ።

የኔታ ጥበቡ በልጅነቴ ዳዊት ያስደገሙኝ መምህሬ ናቸው። "መጽሐፍ ሊለውጥ ከመናፍቃን ጋር ገጠመ" የሚል ወሬ ከደረሳቸው ወዲህ፣ ሰላምታ ስልክባቸው "አልሰማሁም በሉት" ይላሉ። ለኮሚቴው የምሄደው ለቃሏ ነው። ለራሴ የምሄደው ግን ደጃቸውን ይከፍቱልኝ እንደሆነ ለማየት ነው።

ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ጋቢ የደረበ ጎልማሳ ተቀምጧል። ገና ሰንዳፋ ሳንደርስ ዞረ።

"ወዴት ነው ወንድሜ?"

"ዘመሮ።"

"ዘመድ ጥየቃ?"

"ዘመድ ጥየቃ።"

"ቦርሳውስ?"

"ልብስ ነው።"

ለረዳቱ ያልኩትን ሰምቶ ኖሯል መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ ፊቱን መለሰ። አዲሱ መንግሥት ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ በየቀበሌው ስብሰባ፣ በየስብሰባው ጆሮ ጠቢ። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" ይባላል። እኔ ደግሞ ገንፎው ሳይቀርብ የምጠረጥር ሰው ነኝ። ካድሬ ነው አልኩ በልቤ።

ረቡዕ፣ ወደ ዘመሮ

ደብረ ብርሃን አድሬ ሌላ አውቶቡስ ያዝኩ። ሰውዬው እዚያም ከፊቴ ተቀምጧል! ተከታተለኝ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

መንገዱ ኮረኮንች ነው። ያልደረሰ ገብስ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጥቁር በጎች፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባ አጥንት የሚሰብር ብርድ። ዳገቱን ስንወጣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ አለ። ተሳፋሪው ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ፤ ሾፌሩ እንኳ አንድ እጁን ከመሪው አነሳ። ሰውዬውም አማተበና ዞሮ አየኝ። ካድሬም ከሕዝብ ጋር ሲሆን ያማትባል። የኔ እጅ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር። ከቤተ ክህነት ሰዎች ቆጥሮኝ ቦርሳዬን እንዳያስፈትሽ ብዬ፣ በተነሳው እጄ ጆሮዬን አከክሁበት።

ዘመሮ ምሳ ቤት ገባን። ሰውዬው ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠ። አሳላፊዋ "የጾም ነው የፍስክ?" አለችኝ። ጠጋ ብዬ "የጾም" አልኳት በሹክሹክታ። ሽሮው ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በላሁ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ከዓይኔ ጠፋ፤ ተገላገልኩ ብዬ አደርኩ።

ሐሙስ፣ የኔታ ቤት

በእግር ስወጣ አረፈድኩ። ቤቱ የጓሳ ሣር ክዳን ነው፤ በሩ ክፍት ነው። የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸው ያ ሰውዬ! ቦርሳዬን አጥብቄ አቀፍኩ።

"የልጄ ባል ደጀኔ ነው" አሉ የኔታ። "ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። የምትነሣበትን ቀን የኮሚቴ ሰዎችህ ልከውብኛል፤ አብረኸው ና፣ እንዴት ያለ ሰው እንደወጣው እይልኝ አልሁት። መቼም ያን ትልቅ ጆሮህን አይቶ የሚስትህ የለም። በል ደጀኔ፣ ተናገር።"

"ሰው ሲያማትብ ጆሮውን አከከ፣ የኔታ። በረቡዕ ምን እንዳዘዘ አልሰማሁም፤ ሹክ ነው ያላት። ቦርሳውም አንዴ ወረቀት ነው፣ አንዴ ልብስ ነው።"

"ካድሬ መስሎኝ ነው!" አልኩ።

ደጀኔ በሳቅ ወደቀ። የኔታ አልሳቁም። "አንብብ" አሉኝ።

አነበብኩ። ላት የሚለው ጋ ስደርስ አስቆሙኝና አንድ ሙክት አስመጡ። እጄን ይዘው ጸጉሩ ውስጥ ከተቱት፣ ጀርባው አልቆ ላቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ።

"ቢላዋው የሚገባው እዚህ ነው። ላትህ ደኅና ነው። ግሪኩስ ምን ይላል?"

ጠረጠርኩ። ያውቁታል፤ ሊያጠምዱኝ ነው። ለአፍታ አላውቅም ልል ዳድቶኝ ነበር።

"ወገብ ይላል።"

"እዚህ ወረቀት ላይ የታል?"

"በገጹ ጠርዝ፣ በኅዳጉ ጽፌው ነበር፣ የኔታ። አወጣሁት።"

"ለምን?"

"ባልደረቦቼ እሱን ወደ ላይ አውጥተው የኔን እንዳይጥሉብኝ ሰግቼ ነው።"

ወረቀቱን ወስደው ባዶውን ኅዳግ ከላይ እስከ ታች አዩት። በጉ እንኳ ሰልችቶት እጄን ጥሎ ሄደ።

"እኛ ስንተረጉም አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ብለን ሁለቱንም ለተማሪው እናስረክባለን። የአባት ቃል አይደበቅማ! ሰው ፈርቶ ማማተብ የተወ፣ ሰው ፈርቶ ቃል ቢደብቅ ምን ይገርማል? መናፍቅ ሆነ ብዬ ስሰጋ ከርሜያለሁ። ፈሪ ነህ ለካ።"

መናፍቅ ቢሉኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ፈሪ ሲሉኝ ግን እንደ ልጅ አፈርኩ። እራት አብልተው አሳደሩኝ። ዓርብ ጠዋት ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"መልሰህ ጽፈኸው ና። ያን ጊዜ እመርቅሃለሁ።"

ቅዳሜ፣ መልስ

ከዘመሮ ስንነሣ እርሳሴን አወጣሁ። አውቶቡሱ እያንገጫገጨኝ ከላት ጎን በኅዳጉ ላይ "ግሪኩ ወገብ ይላል" ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ኮሚቴው ፊት አቀርበዋለሁ፤ ባልደረቦቼ ምን እንደሚያደርጉበት ከወዲሁ ይታየኛል። ይሁን።

ያ ጉልላት እንደገና ብቅ አለ። ሰው ሁሉ አማተበ። እኔም ቀና ብዬ፣ ሰፋ አድርጌ አማተብኩ። እጄ ከደረቴ ሳይወርድ ግን ዓይኔ ወደ ፊተኛው ወንበር ሮጠ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታበታለች። ግራ ቀኝ ብዬ አየሁ፤ ማንም አላየልኝም።

ከፋኝ።