ስምንት ራሱ

ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቀዝቃዛ ክፍሉ ጠባቂ ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዳ ትለብሳለች። ካፖርቱ ከእሷ በፊት ለነበረው ሰውዬ የተገዛ ስለሆነ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ትጠቀልለዋለች። ከባዱን በር በትከሻዋ ገፍታ ትገባና ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ታነባለች፤ መጀመሪያ የታችኛውን መደርደሪያ፣ ቀጥሎ የላይኛውን። የምትጽፈው በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ እዚያ ውስጥ እምቢ ይላል። ከዚያ ወጥታ በጎን ያለውን ፍሪዘር ታያለች። በዚህ የመድኃኒት መጋዘን ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስታደርግ ኖራለች።

በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ» ይላል። እሷ ግን ስምንትን አታምነውም። ሥራውን ያስተማራት ያ ባለካፖርቱ ሰውዬ በመጀመሪያው ቀን፣ «ቴርሞሜትር በግማሽ ዲግሪ ይዋሻል። ስምንት ካለሽ አልፏል በይ። በሩን ዝጊ፣ አንድም ካርቶን አታስወጪ፣ የጥገና ሰው ጥሪ» ብሏት ነበር። ሰውዬው ጡረታ ወጣ፤ ቃሉ እሷ ጋ ቀረ። አንድ ሰኞ ቁጥሩ ልክ ስምንት ላይ ቆሞ አግኝታ ሦስት የጭነት መኪና እስከ እኩለ ቀን ደጅ አስጠናች። ሹፌሮቹ ሰደቧት፤ በፎርክሊፍት ካርቶን የሚያነሳው ነጂ ግን ስም አወጣላት። ከዚያ ወዲህ «እትዬ ስምንት» ናት።

የመጋዘኑ ኃላፊ በሚመጣው ዓመት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይዛወራሉ። ቦታው ለእሷ እንደሚገባ የሚክድ የለም፤ ደንቡ ግን በቢዝነስ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ሰው ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የመግቢያ ፈተናውን ለአንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይሰጥም። ባለፈው ዓመት ተፈትና ሃምሳ ስድስት አመጣች። ማለፊያው ስልሳ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ነጥብ። በሁለት ጥያቄ ቀረች። የዘንድሮው የመጨረሻዋ ነው።

አብረዋቸው የሚኖሩት የባሏ አባት ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ባለፈው ዓመት እሳቸውን ለማስቸገር አፍራ ብቻዋን አጠናች። ዘንድሮ አልተጠየቁም፤ ራሳቸው ወንበር ስበው መመገቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውንም በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

«የትኛው ነው የጣለሽ?»

«ያለእኩልነት፣ አባባ። እነዚህ የ‹ያነሰ› እና የ‹በለጠ› ጥያቄዎች።»

«እሱማ የሁሉም ነው። በይ ሃያ ጥያቄ ልስጥሽ፤ ሠርተሽ አሳዪኝ።»

ሠራች። ሽማግሌው ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ከላይ ወደ ታች አዩት፤ መሃል ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«በነጌቲቭ ስታካፍዪ ምልክቱን ማዞር አንዴም አልረሳሽም። ማን አስተማረሽ?»

«ፍሪዘሩ።»

«ማ?»

«ከዜሮ በታች ሃያ፣ ከዜሮ በታች ከአሥራ አምስት ያንሳል። ከዜሮ በታች ሲወረድ ትልቅ የሚመስለው ቁጥር ትንሹ ነው። ይህን የሳተ ሰው አንድ መደርደሪያ መድኃኒት ያበላሻል።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ባሏ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የተበላሸ የብረት ካውያ ይፈታል። «ሰማህ? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በጠመኔ አቧራ ሳንባዬን ስጨርስ ለካ ፍሪዘር ገዝቶ ማቆም ይበቃ ነበር።»

«አንተ ያኔ ፍሪዘር ብታመጣ እኔም አልወድቅም ነበር» አለ ልጅየው፣ ቀና ሳይል።

ከሃያው ስድስት ተሳስታለች። ሽማግሌው ስድስቱን በቀይ ከበቧቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን በጣታቸው ነኩ።

«ከአምስት ላይ ሁለት ኤክስ ሲቀነስ፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ ነው ይላል። አንቺ ኤክስ ከሁለት ያንሳል ብለሻል። ሁለት ራሱ የት ሄደ?»

«ሁለት ዳሩ ላይ ነው፣ አባባ።»

«ዳሩ ላይ ቢሆንስ? ሁለትን አስገቢበት እስኪ። አምስት ሲቀነስ አራት?»

«አንድ።»

«‹አንድ ወይም ከአንድ በላይ› ነው የተባለው። ታዲያ ምን አጠፋ?»

የተከበቡትን አንድ በአንድ አየች። ስድስቱም አንድ ዓይነት ስህተት ነበር፤ ዳር ላይ የቆመውን ቁጥር ሁሉ አስወጥታዋለች። ስለ ስምንትና ስለ ባለካፖርቱ ሰውዬ የነገረቻቸው ያኔ ነው። ሽማግሌው አልሳቁም።

«አመል ያወጣል ከመሃል ማለት ይኼ ነው» አሉ። «ልጄ፣ ሰውዬው ልክ ነው። ቴርሞሜትር ይዋሻል። ፈተናው ላይ ያለው ቁጥር ግን አይዋሽም፤ ስምንት ካለ ስምንት ነው፣ ግማሽ ዲግሪ አይጨምርም። እዚያ በሩን ዝጊ፤ እዚህ አስገቢው።»

«እጄ እምቢ ካለኝስ?»

«እጅሽን አትመኚው። ዳሩ ላይ ያለውን ቁጥር ሁልጊዜ መልሰሽ አስገቢና ሞክሪው። እውነት ከሆነ ይግባ።»

ሁለት ወር እንዲህ ሠሩ። መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት ነጂው በምሳ ሰዓት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስታጠና ባያት ቁጥር ሳይለክፋት አያልፍም።

«እትዬ ስምንት፣ ኃላፊ ስትሆኚ እንዳትረሺኝ። የተማረ ይግደለኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተን ለመግደል መማር አያስፈልግም። ፎርክሊፍቱን አንድ ቀን ብነዳው ይበቃል።»

በፈተናው ቀን አዳራሹ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡት አብዛኞቹ በዕድሜ ግማሿን የሚያክሉ ነበሩ። አርባ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ የቀራት ስድስት ደቂቃ ነው። ከአራት ላይ ሦስት ኤክስ ሲቀነስ ከነጌቲቭ ሃያ የማያንስባቸው ፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥሮች ስንት ናቸው ይላል። አራቱን አሻገረች፤ ነጌቲቭ ሃያ አራት። በነጌቲቭ ሦስት አካፍላ ምልክቱን አዞረች፤ ኤክስ ከስምንት አይበልጥም። ከምርጫዎቹ ውስጥ ሰባትም ስምንትም አሉ።

እጇ ሰባትን አጠቆረ።

እርሳሷን ልታነሳ ስትል የሽማግሌው ቃል ትዝ አላት። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስምንትን መልሳ አስገባች። ሦስት ጊዜ ስምንት ሃያ አራት፤ ከአራት ሲቀነስ ነጌቲቭ ሃያ። ከነጌቲቭ ሃያ አያንስም፤ እሱ ራሱ ነው። ወረቀቱ እስኪሳሳ ሰባትን በላጲስ ፈገፈገችና ስምንትን አጠቆረች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሳትደርስባቸው ተደወለ።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ፎርክሊፍት ነጂው በምሳ ሰዓት አብሯት ሄደ፤ ብቻሽን ሄደሽ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ብሎ። የመለያ ቁጥሯን ፈልጎ ያገኘው እሱ ነው። ከአጠገቡ 60 ይላል። ከዝርዝሩ ሥር ደግሞ በትልቁ «ማለፊያ ነጥብ፦ 60» ተብሎ ተጽፏል።

«አለፍሽ» አላት።

«ዳሩ ላይ ነው» አለች።

«ምን ዳር አለው? ስልሳ ስልሳ ነው።»

አልሰማችውም። ወደ ሬጅስትራር መስኮት ሄዳ ወረፋ ያዘች፤ አሥራ አንድ ሰው ከፊቷ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ስልሳ ራሱ ያልፋል?»

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻት። «ማለፊያው ነው እኮ እሱ።»

«ስልሳ ራሱ?»

«ስልሳ ራሱ። ለምዝገባ ሁለት ፎቶ ይዘሻል?»

ይዛ ነበር። በቦርሳዋ፣ በፖስታ ውስጥ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ።

ትምህርቱ ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት ይጀምራል። የቀዝቃዛ ክፍሉ የማታ የቴርሞሜትር ንባብም በአሥራ አንድ ስለሆነ፣ ከሰኞ ጀምሮ የሚያነበው ፎርክሊፍት ነጂው ነው። ካፖርቱ ለእሱ ልክ ነው፤ ስምንት ካየም በሩን ዘግቶ የጥገና ሰው ይጠራል።