ነጻ ሳትወጣ

ሰመራ ስትመጣ «ሙቀቱን ትለምደዋለህ» ይሉሃል። ውሸት ነው። የምትለምደው ስለ ሙቀቱ ማውራት ማቆምን ነው። እኔም ስለ አባቴ ማውራት ያቆምኩት እንደዚያው ነው፤ ሳላስበው። ሰው ሲጠይቀኝ «አርፏል» እላለሁ፣ «ነፍስ ይማር» ይለኛል፣ ሁለታችንም ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

አባቴ ቄስ ነበር፤ ወሎ ደጋ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ። ጦርነቱ እዚያች ከተማ ሲገባ እኔ እዚህ ሰመራ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ስልክ ተቋርጦ ሰንብቶ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። የአባቴ ድምፅ ነው። ኔትወርክ ይገኝበታል የተባለ ኮረብታ ላይ እናቴ ደግፋው ወጥቶ፣ የሰው ስልክ ለምኖ ነው የደወለው። ታጣቂዎች ቤታችን ገብተው እህሉን ጠራርገው እንደወሰዱ፣ እሱንም በሰደፍ እንደመቱት ነገረኝ። ቤቱን የጠቆማቸው ጎረቤታችን ነው። አጥራችን አንድ ነው፤ በዓመት በዓል ከአባቴ ጋር አንድ ቅርጫ ይገባ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግረው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሰውዬው» ሆነ።

እኔም የምለውን አልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል። በመጨረሻ የአባቴ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ነጻ ሳትወጣ እንዳትመጣ። ገዝቼሃለሁ።»

ከዚያ ተቋረጠ። ድምፁን የሰማሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ዕለት ነው።

ግዝት ቀልድ አይደለም። አባቴ «ገዝቻለሁ» ሲል፣ ሊፋለጡ የተነሡ ጎረምሶች ዱላቸውን መሬት ሲጥሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ካህን በሥልጣኑ ያሰረውን ራሱ ካልፈታው ታስረህ ትቀራለህ ማለት ነው። የገዘተህ ካህን አባትህም ከሆነ፣ በቃ፣ የት ትሄዳለህ?

በዚያ ሰሞን ደግሞ «ነጻ» ማለት ለሁላችንም አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት እንትን ከተማ ነጻ ወጣች ይላል። የወዲያኞቹም ያችኑ ከተማ ሲይዙ ነጻ አወጣናት ይላሉ። አንዲት ከተማ ከሁለቱም እጅ ነጻ ስትወጣ ሰነበተች። እኔም የአባቴን ቃል በዚያው ጆሮ ሰማሁት። ከተማችን ነጻ ሳትወጣ እንዳትመጣ ብሎኛል፤ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ከተማችን ነጻ ወጣች የተባለ ዕለት ቦርሳዬን ይዤ ሎጊያ ወረድኩ፣ መኪና ፍለጋ። ስልክ ተለቆ ስለነበር ሻይ ቤት ተቀምጬ እናቴ ጋ ደወልኩ። «አባትህን ቀብረነዋል» አለችኝ። ከአጠገቡ ጋራዥ መዶሻ ይሰማል፣ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ይተራመሳሉ። ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ። ስኳሩ በዝቶበት ነበር። ከዚያን ቀን ያስቀረሁት ትዝታ ይኸው ነው፣ ስኳሩ።

ሾፌሮቹ መንገዱ ከፊት ተዘግቷል አሉና ወደ ሰመራ ተመለስኩ። ያ ጦርነት ሲያልቅ ሌላው በሌላ በኩል ተጀመረ፤ ሌሎች ከተሞች ደግሞ በተራቸው ነጻ መውጣት ያዙ። በእኔም ጭንቅላት ውስጥ አንድ ነገር ገባ። አባቴ እኮ «ከተማዋ» አላለም። አገሪቱን ብሎ ቢሆንስ? እንዳልጠይቀው ሞቷል። ግዝቱን ይዞት ሄደ።

እንዲህ ሆኜ ዓመታት ኖርኩ። በበዓል ቀን መሥሪያ ቤቱ ያደለንን ቲሸርት ለብሰን ፀሐይ ላይ ቆመን ስለ ነጻነታችን ንግግር እንሰማለን፤ ነጻ የምንወጣው ንግግሩ ሲያልቅ ነው። አለቃዬ አንገቱን በበር አስገብቶ «ነጻ ነህ?» ሲለኝ ሥራ ሊሰጠኝ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ እደነግጥ ነበር። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ወሎዬ ሙስሊም ወዳጄ ደግሞ ነገሩን ስለማጫውተው መቀለጃ አደረገኝ። «እህሳ፣ ዛሬስ ወጣን?» ይለኛል ሳሙና እያቀበለኝ። «ወላሂ አንተን ያሰሩህ አባትህ አይደሉም፣ ቴሌቪዥኑ ነው።»

እሁድ እሁድ እናቴ ጋ እደውላለሁ። ስለ ጉልበቷ ታወራኛለች፣ ስለ ዝናቡ። ልትዘጋው ስትል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት።

«ገና ነው?»

«ገና ነው እማዬ» እላለሁ።

«እሺ» ትላለች። ና ብላኝ አታውቅም። ግዝቱን ታውቃለቻ፤ አባቴ ሲናገር አጠገቡ ነበረች።

ዘንድሮ ድምጿ ቀጠነ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መሐል ላይ ታርፋለች። ይህን ክረምት የምትሻገር አልመሰለኝም። አባቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ፤ እሷንም እንደዚያው በስልክ ልቀብራት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያስደነገጠኝ ሐሳቡ ሳይሆን ሳስበው ምንም ያልተሰማኝ መሆኑ ነው። የሥራ ፈቃድ ወስጄ አዋሽ ሄድኩ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት አዋሽ ሰባት ስለሆነ የንስሐ አባቴ እዚያ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀልዱም ፊታቸው አይፈታም።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩና «ይፍቱኝ አባ፣ እናቴ ሳትሞት ልሂድ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«የሌላ ካህን ግዝት ነው ፍታ የምትለኝ?» አሉ። ዝንቡን በጭራቸው መለስ አደረጉት። «እስቲ ቃሉን እንደሰማኸው በለው።»

«ነጻ ሳትወጣ እንዳትመጣ።»

«ማን ናት የምትወጣው?»

«ከተማዋ። ወይም አገሪቱ።»

«ብለዋል?»

«አላለም።»

«ከዚያ በፊት አንተ ምን ብለህ ነበር?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «መጥቼ ሰውዬውን እዚያው አጥሩ ሥር እደፋዋለሁ፤ ካልደፋሁት የአንተ ልጅ አይደለሁም አልኩት» አልኳቸው።

«እሳቸውም መለሱልህ።»

ከኒሙ ቅጠል ቀጠፍኩ።

«ወንድ መሆንህ ነው የጎዳህ» አሉ። «ሴት ብትሆን ‹ነጻ ሳትወጪ› ይሉህ ነበርና ያኔውኑ ይገባህ ነበር። እሳቸው ልጃቸው ነፍስ ሊያጠፋ ሲነሣ፣ ከቂሙ ነጻ እስኪወጣ ገዘቱት። አንተ ዜና ሰማህ።»

ይሄ ሁሉ ዓመት ‹ሳትወጣ› ውስጥ ያለች አንዲት ‹ት› አስራ አስቀምጣኛለች። ‹እሷ› ለማለትም ‹አንተ› ለማለትም ያችው ‹ት› ናት። እንደ ሞኝ እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።

«ቢሆንም አባ» አልኩ፣ «አገሩ ሁሉ እንዲህ ሆኖ እኔ ብቻዬን ምን ነጻ እወጣለሁ?»

«ጌታ ሲነሣ ሮማውያን ኢየሩሳሌም ውስጥ ነበሩ» አሉ። «በማግስቱም አልወጡ፤ ግብሩም አልቀረ። የአገር ነጻነት መልካም ነው፤ እኔም ለእሱ እጸልያለሁ። አባትህ ግን የጠየቁህ እሱን አይደለም።»

«እሺ፣ እንደሱ ከሆነ ነጻ ነኝ። ሰውዬውን አልጠላውም። ምንም አይሰማኝም።»

«እግርህ ላይ ተቀምጠህ ሲደነዝዝ፣ ዳነ ትላለህ?»

እዚያው ዛፉ ሥር ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩና አባቴ ያን ቀን ማንን ማለቱ እንደነበር ጠየቅኋት።

«አንተን ነዋ» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «አገሩን ምን ሊያደርገው? አንተን ነው። በየሳምንቱ ገና ነው ስትለኝ ስለ ምን እያወራህ ነበር?»

«ስለ አገሩ።»

«አዬ ልጄ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎረቤታችን አሁን እዚህ አለ። ውሃ የሚቀዳልኝ እሱ ነው፤ አባትህ ከሞተ ጀምሮ። ትበሳጫለህ ብዬ ደብቄህ ነው። ላገናኝህ?» አለችኝ። እሺ ሳልል ስልኩ እጁ ገባ።

«ደህና ነህ ልጄ» አለ። አርጅቷል። «አባትህ ከዚያ ድብደባ ሳያገግሙ ቀሩ በእኔ ጦስ። ታጣቂዎቹ መሣሪያ ደግነውብኝ ነው የጠቆምኳቸው። ይቅር በለኝ።»

መልሱ የታወቀ ነው፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል። ባጃጅ ውስጥ እግሬን ለረገጠኝ ሁሉ ስለው የኖርኩት ነው። ያን ዕለት ከአፌ አልወጣ አለ።

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት።

እናቴ ስልኩን ተቀበለችና፣ «አንተ አልከው፤ የአባትህን እኩያ» አለችኝ። «ገና ነህ።»

«ገና ነኝ እማዬ።»

«እንግዲያ ቆይ። እስከዚያ አልሞትም።»

በማግስቱ ወደ ሰመራ ተመለስኩ። ፈቃዴን ሳልጨርስ ቢሮ ስገባ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ባለ ሱቁ ግን ፊቴን አይቶ ወንበር ሰጠኝና ሁሉንም ሰማ። እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደም። «እኛ አፉ በለው እንላለን፣ እናንተ ይቅር በለው ትላላችሁ» አለ። «አንተ ዘንድ ሁለቱም አልቋል?»

«አልቋል» አልኩት።

እሁድ እሁድ መደወሌን አልተውኩም። እናቴ አሁን ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሰውዬውም እዚያው ካለ ይሰማል። መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዝናብ ጣለ ወይ፣ ጣለ። ቦኖው ደረቀ ወይ፣ ደረቀ፣ አሁን ከታች ከወንዙ ነው የምንቀዳው። ይቅር የምትለዋ ቃል ጠፋች፤ እኔም አልፈለግኋትም።

ባለፈው እሁድ ከእናቴ ጋር እያወራሁ የበሩን መንጓጓት ሰማሁ። ከዚያ ጀሪካን መሬት ላይ ዱብ ሲል፣ ከዚያ ትንፋሽ። ያረጀ ሰው ትንፋሽ ነው፤ ቁና ቁና ይላል፣ አልበርድ ይላል። አባቴም ያን ቀን ኮረብታው ላይ እንደዚያ ነበር የሚተነፍሰው። እኔ ግን ያኔ ስጮህ አልሰማሁትም ነበር።

«በጀርባዎ ነው እንዴ የተሸከሙት?» አልኩ። «ምን ሆነው ነው? የእማዬ አህያ ቆሞ የለም? እሱን ይጫኑ እንጂ፣ ወገብዎን ይቆርጥዎታል።»

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ ስልኩ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሣ ተሰማኝ።

«ና» አለችኝ እናቴ።

«ምነው እማዬ? ገና ነኝ እኮ። ይቅርም አላልኳቸው።»

«አንቱ ብለሃቸዋል» አለች። ታለቅስ ነበር። «ና ልጄ።»