የወርቄ ቅቤና የሚጮኸው ፍሪጅ

ከአዲስ አበባ የወጣነው በማለዳ ነው፤ የምንፈልገው ደግሞ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ነበር። ሾፌራችን ጋሽ አስናቀ ደብል ጋቢናውን ከግቢ እያስወጣ ከኋላ የጫንኩትን ጓንት፣ ጭምብልና ወፍራም ቢጫ ከረጢት በመስተዋት አየና፣ «በመስከረም ወደ ጉራጌ የሚወርድ ሰው ክትፎ ሊበላ ነው። እኛ ደግሞ ቆሻሻ ልንለቅም!» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው የመድኃኒት ጥራት በሚመረምር ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሆን፣ ሥራዬ ያረጁ ማሽኖች በወጉ እንዲወገዱ መከታተል ነው። አንድ የላቦራቶሪ ፍሪጅ አገልግሎቱን ሲጨርስ በኬሚካል ይታጠባል፣ መታጠቡን የሚመሰክር ምልክት ይለጠፍበታል፣ ጋዙ ወደ አየር ሳያመልጥ ይቀዳል፣ ባትሪውና ቦርዱ ወጥተው መልሰው ለሚጠቀሙባቸው ሰዎች ይሰጣሉ። ባለፈው ወር መጋዘን ሲዛወር ግን አንድ ያልታጠበ ፍሪጅ ከአሮጌ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች ጋር ተቀላቅሎ በጨረታ ተሸጠ። ለዓመታት የካንሰር መድኃኒት ናሙና ይቀመጥበት የነበረ ፍሪጅ ነው። በመጨረሻም አንድ ጠርሙስ ውስጡ ተሰብሮ ፈሶበት ነበር። ያ መድኃኒት ሕመምተኛን ያድናል፤ ጤነኛ ሰው ሳያውቅ ከምግቡ ጋር ቢወስደው ግን ሊጎዳው ይችላል።

የጨረታውን ዕቃ የገዙት የቡታጅራው ነጋዴ ሐጂ ከድር በስልክ፣ «ፍሪጁን ሸጬዋለሁ፤ ብትመጪ ይሻላል» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሌላውስ ዕቃ ምን ሆኖ ይሆን የሚል ጉጉት ነበረኝ። የተጣለን ነገር ሁሉ ሁለተኛ ሕይወት ማወቅ ያምረኛል። እናቴ «የሰው ጓዳ ካላየሽ እንቅልፍ አይወስድሽም» የምትለኝ ለዚህ ነው።

ቡታጅራ

ከአለም ገና ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ መልካ ቁንጥሬንና ጢያን አልፈን ቡታጅራ ስንገባ ረፋድ ሆኗል። ለመስቀል የሚገቡ አውቶቡሶች ከአሁኑ ጣራቸው ሞልቷል፤ ፍራሽ፣ ብስክሌት፣ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ወደ አገር ቤት ይሄዳል። የባጃጅ ሾፌሮች እጃቸውን ከክላክስ ላይ ሳያነሱ ይነዳሉ። የእንሴኖ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ዓይን ያቃጥላል። ጋሽ አስናቀ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ መስኮቱን ዘጋ።

የሐጂ ከድር ሱቅ ከገበያው ጀርባ ነው። ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ወጡ።

«አሰላሙ አለይኩም! ለአንድ ፍሪጅ ብላችሁ ይህን ሁሉ መንገድ?»

ውስጡን እንዳይ ፈቀዱልኝ። መዳብ ለብቻ፣ ቦርድ ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ ተከምሯል። የላቦራቶሪ ሚዛናችን የመስታወት ሽፋን የሰዓት ማሳያ ሳጥን ሆኗል። የአንዱ ማሽን ሞተር ቢላዋ መሳያ ድንጋይ ያዞራል። ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ደነገጥኩ። ጥግ ላይ ያበጠ ባትሪ የሞላበት ባልዲ ነበር።

«ይህንን ምን ያደርጉታል?»

«እኔም የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው ያስቀመጥኩት» አሉ ሐጂ። «መጣል ፈራሁ፤ የሚገዛም የለም።»

ባትሪውን አስመጥተን በወጉ እንደምናስወግድላቸው ቃል ገባሁና ወደ ፍሪጁ ጉዳይ ገባን። እንዳልታጠበና ምን ፈሶበት እንደነበር ስነግራቸው ፈገግታቸው ጠፋ።

«ወላሂ፣ ሴቶች ናቸው የገዙት። ከእምድብር በኩል። የአንደኛዋ ልጅ እዚህ ተድራ ነው ያለችው፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሱቄ ገቡ። ቁልፍ ያለው ፍሪጅ ነው የምንፈልገው አሉ። ውጆ አላቸው።»

«ውጆ ምንድነው?»

«እንደ እቁብ ነው፤ በብር ፈንታ ቅቤ ነው የሚጥሉት። ተራ የደረሳት የሁሉንም ቅቤ ለመስቀል ትወስዳለች።» ወደ እኔ ዞረው ቀጠሉ፤ «ቅቤውን ሊያስቀምጡበት ነው የገዙት፣ እህቴ።»

ጋሽ አስናቀ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠ። እስከ ማታ አልቀለደም።

ሐጂ ለልጅቱ ደወሉላት። የእናቷ ስልክ ከተበላሸ መቆየቱን ተናግራ ቤቱን በምልክት አስረዳችን፤ ከእምድብር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሁለት ትልልቅ ዋርካ ያለበት ጀፎረ፣ ማለትም በቤቶቹ መካከል የሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ፣ በቀለች ብላችሁ ጠይቁ አለች። መስቀል ሊደርስ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ቅቤው ተበልቶ ይሆን? አላወቀችም።

ተራራው፣ ከዚያም ወልቂጤ

ከቡታጅራ ተራራውን አቋርጦ ወደ ጉብሬ የሚያወርደውን መንገድ ያዝን። ላይ ስንወጣ ብርድ ነው፤ ገብስ፣ ባሕር ዛፍና ጉም። ሰዎች ፈረስ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ያልፋሉ። ወደ ታች ስንወርድ እንሰቱ ይጀምራል፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ከቤቱ ጀርባ እንደ አጥር የቆመ። በሌላ ቀን ቢሆን በየመታጠፊያው መኪና አስቆም ነበር። ጭቃው ግን ጎማችንን ሁለት ጊዜ ዋጠው፤ በሁለተኛው የአካባቢው ሰዎች ተረባርበው ገፉልን። ጉብሬ ስንደርስ መሸ። ጋሽ አስናቀ በዚህ ጭቃ በጨለማ አልነዳም ስላለ ወልቂጤ ወርደን አደርን።

ራታችን ክትፎ ነበር። ክትፎው በቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ቀረበ፤ ቅቤው አናቱ ላይ ያብረቀርቃል። አንዴ ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ።

«ምነው? አልጣፈጠም?» አለ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ክፉኛ ቅር ብሎት።

«በጣም ጣፍጧል። ቅቤውን የት ነው የምታስቀምጡት?»

ሰውዬው እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ፊቱ ላይ ይነበባል። ተነስቶ ጓዳ አስገባኝ። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ በሸክላ ማሰሮ ነው የተቀመጠው። ከጎኑ ያለውን ፍሪጅ ከፍቼ፣ ዞሬ የጀርባውን ጽሑፍ ሳነብ፣ «የጤና ቁጥጥር ነሽ እንዴ?» አለኝ። የሱቅ ፍሪጅ ነው፤ ለስላሳ ብቻ ነው ያለበት። ተመልሼ መብላቴን ቀጠልኩ። ጋሽ አስናቀ «አሁንስ አፈርኩብሽ» ብሎ የእኔን አይብ ጨምሮ ወሰደ።

እምድብር

ጠዋት ደረስን። ጀፎረው በጤዛ ርሷል፤ ወጣቶች ለመስቀል አጥር ያድሳሉ። የእማማ በቀለች ቤት ትልቅ ክብ ቤት ነው። ምሰሶው አጠገብ፣ ከበሬዎቹ ጋጣ ፊት ለፊት፣ የእኛ ነጭ ፍሪጅ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። በሕይወቴ እንዲህ የተከበረ የላቦራቶሪ ዕቃ አላየሁም።

እማማ በቀለች የውጆው ሰብሳቢ ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት። ማን እንደሆንን ሳልጨርስ ሊያሳዩን ቸኮሉ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው በሩን ከፈቱት። ፍሪጁ ጮኸ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት።

«አየሽው?» አሉ በኩራት። «አምና የአንዷን ቅቤ አይጥ ጨረሰው። የሌላዋን ልጆቿ ላሱት። ይኸኛው ግን መብራት ቢጠፋም ይጮሃል! ከገዛነው ወዲህ ማን ደፍሮ ይነካዋል? እኔ ራሴ አንድ ጣት አልላስኩም።»

ያ ደወል ለመድኃኒቱ የተሠራ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ሠራተኛውን ያስጠነቅቃል። እዚህ የቅቤ ዘበኛ ሆኗል። ማንም አልበላም ማለት ነው። እዚያው መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ አስናቀ «ተመስገን» አለ ጮክ ብሎ።

ከዚያ ግን ውስጡን አየሁ። ቅቤው እስከ ላይ ተደርድሯል፤ የሁሉም ቤት ቅቤ፣ በኮባ የተጠቀለለ፣ አንዳንዱ ከቅጠሉ ወጥቶ የፍሪጁን ግድግዳ የነካ። የታችኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ የዚያ የተሰበረ ጠርሙስ ቡናማ ነጠብጣብ አሁንም አለ። ቅቤ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ ራሱ የሚስብ ነገር ነው።

እማማ በቀለች ሴቶቹን አስጠሩ። ከሁሉ በኋላ የመጣችው ወርቄ ናት፤ ተራው የእሷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ መስቀል በወጉ ተደርጎበት አያውቅም። ዘንድሮ ልጆቿ ከየከተማው፣ የባሏ ወንድሞች ከእነ ቤተሰባቸው ይመጣሉ። ለዚህ ቀን ዓመታት ተራ ጠብቃለች።

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ምን እንደተቀመጠበት፣ ምን እንደፈሰሰ፣ ስህተቱ የላቦራቶሪያችን እንደሆነ፣ ድርጅቱ ካሣ እንደሚከፍል። ናሙና ወስዶ መመርመር እንደሚቻል፣ ውጤቱ ግን ከመስቀል በኋላ እንደሚደርስ። «ምናልባት ምንም ላይኖርበት ይችላል» ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ።

ወርቄ ሳታቋርጠኝ አዳመጠች። ከዚያ፣ «አንቺ ትበይዋለሽ?» አለችኝ።

ስለ መድኃኒት መጠን፣ ስለ ዕድልና ስለ ጥንቃቄ የተማርኩት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ሁሉም በዓይኔ ላይ ዓይኗን ለተከለች ሴት መልስ አይሆንም።

«አልበላውም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ እንባ የመጣብኝ። አንዷ ሴት በጉራጊኛ አንድ ነገር ጀመረች፤ ሌላዋ ቀማቻት፤ ቤቱ በጨዋታ ይሁን በጥል ያልለየሁት ጫጫታ ሞላ። በመጨረሻ እማማ በቀለች እጃቸውን አነሱ።

«ፍሪጁን የመረጥነው አብረን ነው። ቅቤው ጠፋ፤ የወርቄ ተራ ግን አላለፈም» አሉ በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ። «ሁላችንም ለቤታችን ካነጠርነው ላይ እናመጣለን። የሁላችንም ጎመን ዘንድሮ ትንሽ ይደርቃል። ምን ይሆናል?»

«ካሣውስ?» አልኩ።

«ካሣችሁን ስጡን፤ እንቢ አንልም። የገበያ ቅቤ ግን የውጆ ቅቤ አይሆንም።»

ጓንት ለብሼ ለምርመራ ትንሽ ናሙና ወሰድኩና ቅቤውን አንድ በአንድ ወደ ቢጫው ከረጢት አስገባሁ። ወርቄ ከበሩ ሆና የእያንዳንዱን ባለቤት ስም ትጠራ ነበር፤ ይሄ የእከሊት፣ ያ የእከሊት። በሩ እስኪዘጋ ፍሪጁ ይጮሃል። ስንጭነው አጥር ሲያድሱ የነበሩት ወጣቶች አገዙን፤ እጃቸውን በሳሙና ሳስታጥባቸው ሣቁብኝ። እማማ በቀለች ፍሪጁ የነበረበትን ቦታ ሁለት ጊዜ በአመድ አሳጠቡ፤ ጥልፍ ጨርቁንም ራሳቸው አውጥተው ከረጢቱ ውስጥ ጨመሩት። ስንሄድ ቆጮ ጠቅልለው አሲያዙን። ልንቀበል አፈርን፤ አለመቀበል ግን የባሰ ነበር።

ወደ ቤት

በወልቂጤና በወሊሶ አድርገን ተመለስን። የመኪናው ውስጥ ኮረሪማና ኮሰረት ይሸታል፤ ከረጢቶቹ ቢታሰሩም የቅቤው ጠረን አልታሰረም። በላቦራቶሪው ግቢ ማቃጠያው ጋ ያለው ሠራተኛ ከረጢቱን ሲያነሳ፣ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ኬሚካል ነው?» አለ። «ቅቤ ነው» አልኩት። ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው።

ፍሪጁ ታጠበ፤ ጋዙ ተቀዳ፤ ባትሪና ቦርዱ ወጣ። ደወሉ ከባትሪው ጋር ዝም አለ። በሳምንቱ የሐጂን ባልዲ አስመጣሁ። የናሙናው ውጤትም ደረሰ፤ መድኃኒቱ ቅቤው ውስጥ ገብቶ ነበር። ትንሽ ነው፣ ግን ገብቶ ነበር። ከዚያን ዕለት በፊት ማሽን ከግቢያችን ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

በመስቀል ማግሥት ወርቄ በልጇ ስልክ ደወለች። «ቅቤው ከየቤቱ ስለመጣ በየጉርሻው ጣዕሙ ይለያያል» አለችኝ እየሳቀች። «ሰው ሁሉ እየቀመሰ የማን እንደሆነ ይገምታል።»

አሁን የመጋዘናችን መውጫ በር ላይ ጥያቄዋን በትልቁ አስጽፌዋለሁ፦ «በዚህ ውስጥ የተቀመጠ ቅቤ ትበላለህ?» መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ባለፈው ግን አንድ ባልደረባዬ አሮጌ ማሽን በጋሪ እየገፋ መጣ። ጽሑፉን አነበበ፤ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጋሪውን አዙሮ ወደ ማጠቢያው ክፍል ተመለሰ።