ሐያት ተሽሏታል ብዬ የፈረምኩ ዕለት

አሁን የምጽፈውን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለማላውቅህ ለአንተ ለአንባቢዬ መንገር የቀለለኝ ፊትህን ስለማላይ ይሆን? ሳይሆን አይቀርም። ፈሪ ነኝ።

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ የስደተኞች ማረፊያ፣ ከየመን የተመለሱ ያገሬን ልጆች አነጋግራለሁ። ከአዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ ነው የመጣሁት። ከጎኔ ባለው ክፍል የምትሠራው ፋጡማ ድሬዳዋ ያደገች፣ የጥቂት ወራት ሥልጠና ብቻ የወሰደች ሴት ናት። ሰዎቹ ግን እሷን አነጋግረው ሲወጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ እህል ይቀምሳሉ፣ እናታቸው ጋ ይደውላሉ። ከእኔ ዘንድ ሲወጡ አመስግነውኝ ይሄዳሉ።

በምን በለጠችኝ? አውቀው ነበር፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። "ንግግራችን እንዴት ነበር?" ብለህ ብትጠይቀው ሆዱ እያረረ "በጣም ጥሩ" ይልሃል። ፋጡማ እንደዚያ ብላ አትጠይቅም። "ዛሬ ሳይገባኝ የቀረ አንድ ነገር ሳትነግሪኝ አትወጪም" ትላለች። ይነግሯታል። በሚቀጥለው ቀን ከዚያው ትጀምራለች። እኔ ግን "በጣም ጥሩ" የሚለውን በፎርሜ ላይ እየሞላሁ ጎበዝ ነኝ እል ነበር። ያገሬን ሰው ይሉኝታ አጥቼው ነው? አላጣሁትም። ምስጋናው ጣፈጠኝ እንጂ።

ሐያት ከወሎ የመጣች ልጅ ናት። ስድስት ጊዜ አነጋገርኳት። ታናሽ እህቷን ባነሳች ቁጥር ወደ አተነፋፈስ ልምምዱ እመልሳታለሁ። ስትወጣ "አላህ ይስጥልኝ፣ ዶክተር" ትለኛለች። ዶክተር አይደለሁም፤ አርሜያትም አላውቅም። አንድ ቀን ፋጡማ ቢሮዬ መጣችና፣ "ወንድሜ፣ እንዳይከፋህ። ሐያት ከእኔ ጋር ማውራት ትፈልጋለች፤ አንተን አፍራ ነው። እህቷ እኮ እቅፏ ውስጥ ነው የሞተችው፣ ጀልባው ላይ" አለችኝ።

ፊቴ ነደደ። ስድስት ጊዜ ተቀምጬ ያልሰማሁትን እሷ ኮሪደር ላይ ሰማችው። "ከታጁራ ስትመለሺ ፋይሏን አስረክብሻለሁ" አልኳት፤ በማግስቱ ለአንድ ሳምንት ሥራ ትሄድ ነበርና። አላስረከብኩም። ከክፍሌ ስትወጣ ፋይሉን አወጣሁና "ተሽሏታል" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ዘጋሁት። ፋይሉ የተዘጋ ሰው በሦስተኛው ቀን አልጋውን ለቆ ከማረፊያው እንደሚወጣ አውቃለሁ። እያወቅኩ ፈረምኩ። ልጅቷ የእኔ አለመቻል ምስክር ሆና ወደ ጎረቤቴ ክፍል እንዳትገባ ብዬ ፈረምኩ።

ፋጡማ ስትመለስ ሐያት የለችም። ወደ የመን የሚያሻግሩ ጀልባዎች ወደሚነሱበት ወደ ኦቦክ በሚወስደው መንገድ፣ እንደገና ለጀልባ ከሚሄዱት ጋር በእግሯ ስትጓዝ ያዩዋት ነበሩ። ፋጡማ "እውነት ተሽሏት ነበር?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። አመነችኝ።

በሙቀቱና በሥራው ብዛት ላመካኝ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል። የፈረመው እጄ ነው።

ሐያት ትሻገር፣ ባሕር ይብላት አላውቅም። ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ነው፤ አንተ በእሷ ስም ይቅር ልትለኝ አትችልም። ለፋጡማም እስካሁን አልነገርኳትም። እንዳትጠላኝ ሰግቼ አይደለም። ብነግራት በሩን ዘግታ፣ አስቀምጣ፣ እስክጨርስ ትሰማኛለች። ሐያት የፈለገችውን፣ እኔ የነፈግኳትን ጆሮ እኔው ላገኘው ነው። ያ ለእኔ አይገባም።